ደጅ ጥናቱ እንዳይረዝም
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ቀበሌ፣ ማዘጋጃ ቤትና የውሃ አገልግሎት

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከትንንሽ ከተሞች የመጡ ናቸው። አንዷ አንባቢ ብቻ ከሪያድ ጽፋለች፤ የእሷም ጉዳይ ቢሆን ያለው እዚሁ ነው። የአገልግሎት ክፍያ በየክልሉና በየከተማው ስለሚለያይ የብር መጠን አልጠቀስንም። እሱን ከ«ዜጎች ቻርተር» ላይ ያገኙታል። ቻርተሩ እያንዳንዱ አገልግሎት ምን ማስረጃ እንደሚጠይቅ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ስንት እንደሚከፈልበት የሚዘረዝር፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ብዙ ቢሮ ለጥፎታል፤ አንዳንዱ ጋ ግን የስብሰባ ማስታወቂያ ተደርቦበታል። ከመሰለፍዎ በፊት ፈልገው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። «ይኼም ይቀርሃል፣ ያም ይቀርሃል» የሚባለው ምልልስ ግማሹ በዚህ ይቀራል።

«አባት ካልመጣ አይሆንም»

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ምጥ ስለጠናብኝ በሪፈር ሌላ ከተማ ሄጄ ሆስፒታል ነው የተገላገልኩት። አባቷ ለሥራ ከአገር ወጥቷል። መዋዕለ ሕፃናት ላስገባት ስል የልደት ምስክር ወረቀት ተጠየቅሁ። የቀበሌያችን መዝጋቢ ግን «ሆስፒታሉ ያለበት ከተማ አስመዝግቢ፤ ደግሞም አባት ካልመጣ አይሆንም» አለችኝ። ምን ላድርግ?
— እናት፣ ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ መዝጋቢዋ ሁለቱንም አሳስታለች። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 የልደት ምዝገባን ያያያዘው ከወላጆች ቋሚ መኖሪያ ጋር ነው። ስለዚህ ልጅዎ የምትመዘገበው እርስዎ በሚኖሩበት ቀበሌ ነው። ሆስፒታል ልደት አይመዘግብም፤ ልጅ መወለዱን የሚገልጽ የማሳወቂያ ወረቀት ብቻ ይሰጣል። ብዙ እናት ይህን ወረቀት የልደት ሰርተፊኬት መስሏት ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣው ትኖርና ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ስትደርስ ነው ነገሩ የሚገባት።

ማሳወቂያው ካለዎት ሥራው ቀላል ነው። ከጠፋ ወደወለዱበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል የካርድ ቁጥርዎንና የወለዱበትን ቀን ይዘው ይሂዱ። የማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ የእናቲቱን ስም፣ የልጁን ጾታና የተወለደበትን ቀን ስለሚይዝ ከዚያ ላይ ጽፈው ሊሰጡዎት ይችላሉ። መንገዱ ከራቀብዎ የክትባት ካርዷን ያውጡ፤ የመጀመሪያው ክትባት ቀን የትውልድ ቀኑን በደንብ ይመሰክራል። የክርስትና ወረቀትም በደጋፊነት ይቀርባል።

ወደ አባትየው እንምጣ። እናት ብቻዋን ልጇን ማስመዝገብ ትችላለች። የሚለየው በአባት ስም ቦታ ላይ የሚሞላው ነገር ነው። በጋብቻ ላይ ከነበራችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ያቅርቡ። በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባት ባልየው እንደሆነ የቤተሰብ ሕጉ ግምት ስለሚወስድ፣ ሰውየው ባይኖርም ስሙ ይሰፍራል። ጋብቻ ካልነበረ ግን አባትነቱን ራሱ መቀበል አለበት፤ ያም በክብር መዝገብ ሹሙ (በመዝጋቢው) ፊት ቀርቦ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ነው። ከአገር ውጭ ላለ ሰው ሁለተኛው መንገድ በኤምባሲ በኩል ይሆናል። እሱ እስኪመጣ ብለው ምዝገባውን አያቆዩት፤ እየቆየ በሄደ ቁጥር የሚጠየቁት ማስረጃ ይበዛል።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ ከተመዘገበ ወቅታዊ፣ ከዚያ እስከ አንድ ዓመት የዘገየ፣ ዓመት ካለፈው ጊዜ ገደቡ ያለፈበት ይባላል። የእርስዎ ሦስተኛው ነው። የልጅቷ መብት አይቀርም፤ የሚጨምረው ማስረጃና ክፍያ ብቻ ነው። መዝጋቢዋ ቅጹን ሞልታ ስትጨርስ ሳይፈርሙ በፊት ወረቀቱን ወደ ራስዎ አዙረው ያንብቡ። የልጅ፣ የአባትና የአያት ስም በእርስዎና በአባትየው መታወቂያ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። አንዴ ከተፈረመ በኋላ የሚደርሰውን ጣጣ ቀጣዩ ጠያቂ በደንብ ያውቀዋል።

በ«ሐ» ነው ወይስ በ«ኃ»?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ማስረጃዬ ላይ የአባቴ ስም ሐይሉ ተብሎ ነው የተጻፈው፤ የልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ ኃይሉ ይላል። የትውልድ ቀኔ ጥር 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ በፈረንጆቹ 1997 ተብሎ ተሞልቷል። ፓስፖርት ላወጣ ስለሆነ ፈርቻለሁ። ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነው?
— ሥራ ፈላጊ፣ ከደቡብ ጎንደር

መልስ፦ ከስሙ እንጀምር። ሐይሉና ኃይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ አስተዋይ ሠራተኛም ሁለት ሰው ናቸው አይልም። ኮምፒዩተር ግን ጆሮ የለውም። ሐ፣ ኃ እና ሀ ለእሱ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በአንዱ የተመዘገበውን በሌላው ቢፈልጉት «አልተገኘም» ይላል። ዓ እና አ፣ ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ እንደዚሁ ናቸው። «ፋይልህ የለም» ከተባሉ ሠራተኛው በሌላው ፊደል እንዲፈልግ ይጠይቁት፤ የጠፋ ፋይል በዚህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። ለፓስፖርቱ ዋናው ነገር የላቲን አጻጻፉ ነው። አንዱ ማስረጃ ላይ አንድ ፊደል ተደግሞ ሌላው ላይ ነጠላ ከሆነ ጣጣው የሚመጣው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ፋይዳውንም (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያውን) የልደት ምስክር ወረቀቱንም ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ።

ቀኑ ግን እውነተኛ ስህተት ነው፤ በጣም የተለመደም ነው። መዝጋቢው «የእኛ ዓመት ሲደመር ሰባት» ብሎ አስልቶታል። ሰባት የሚደመረው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ስለሚብት ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የሚደመረው ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ኅዳር 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ኖቬምበር 14 ቀን 1997 ሲሆን፣ የእርስዎ ጥር 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1998 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ሌላ አንድ ቀን ይገፋል፤ ለምሳሌ በ1992 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 የዋለው ታኅሣሥ 22 ነበር። ወርና ቀኑን ሳይነኩ ዓመቱን ብቻ የሚቀይሩ መዝጋቢዎችም አሉ። እንዲህ ያለው ስህተት «ጥር 5»ን «ጃንዋሪ 5» ስለሚያደርግ ለዓይን ቶሎ አይታይም።

ፍርድ ቤት የሚለውን ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ የተሳሳተው መዝገቡ ነው ወይስ ከመዝገቡ የተገለበጠው ምስክር ወረቀት? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የተመዘገቡበት ቀበሌ ሄደው መዝገቡ ተከፍቶ እንዲታይልዎ ያመልክቱ። መዝገቡ ላይ ትክክል ሆኖ ወረቀቱ ላይ ከተሳሳተ የጽሕፈት ግድፈት ነው፤ አሮጌውን መልሰው በትክክለኛው እንዲተካልዎ ማመልከቻ ያስገባሉ። መዝገቡ ራሱ ከተሳሳተ ግን በአብዛኛው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቃል። ለፍርድ ቤት አቤቱታው የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ የመሳሰሉትን ያያይዙ። ክብደት የሚሰጠው ጉዳዩ ሳይነሳ በፊት ለተጻፈ ማስረጃ ነው፤ ትናንት የወጣ ደብዳቤ አሥር ቢደረደር የአንድን አሮጌ የክትባት ካርድ ያህል አይረዳም።

በአቤቱታው ላይ «ስሜ ይቀየርልኝ» እንዳይሉ ይጠንቀቁ። ስም መቀየር በቂ ምክንያት የሚጠየቅበት ሌላ ጉዳይ ነው። እርስዎ የሚጠይቁት እርማት ነው። ትእዛዙ ሲወጣም ከፍርድ ቤት ሳይወጡ የተጻፈውን ያንብቡት፤ የእርማት ትእዛዙ ራሱ ላይ የአያት ስም ተሳስቶ እንደገና የተመላለሰ ሰው ጥቂት አይደለም።

መሸኛ

ጥያቄ፦ ሥራ ተቀይሮልኝ ከነቤተሰቤ ሌላ ከተማ ገብቻለሁ። ፋይዳ ስላለኝ ይበቃል ብዬ ነበር፤ አዲሱ ቀበሌ ግን መሸኛ አምጣ ይለኛል።
— መምህር፣ ከአዊ

መልስ፦ አዲሱ ቀበሌ ልክ ነው። ፋይዳ ማን እንደሆኑ ይናገራል እንጂ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆኑ አያረጋግጥም፤ የዜግነት ማስረጃም አይደለም። የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው በቤተሰብ ቅጽ ላይ ለሰፈረ ሰው ሲሆን፣ አዲሱ ቀበሌ ቅጽ የሚከፍትልዎ የድሮው ሲዘጋ ነው። መሸኛውም የሚለው ይህንኑ ነው።

የድሮው ቀበሌ ሲሄዱ የራስዎንና የባለቤትዎን መታወቂያ (ተመላሽ ይደረጋል)፣ ጉርድ ፎቶና የልጆቹን የልደት ወረቀት ይያዙ። በቀበሌ ቤት የኖሩ ከሆነ የኪራይ ዕዳ እንደሌለብዎ ይጣራል። ደብዳቤው ሲሰጥዎ አምስት ነገር ይመልከቱ፦ ወጪ ቁጥርና ቀን አለው? የአዲሱ ቀበሌ ስም በትክክል ተጽፏል ወይስ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ አልፎታል? የቤተሰብ አባላት በሙሉ በስም ተዘርዝረዋል? ፊርማው ሥር ስምና ኃላፊነት የሚገልጸው ቲተር አርፏል? ክቡ ማኅተምስ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው? ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ አዲሱ ቀበሌ ይመልስዎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚከፍሉት የትራንስፖርት ብቻ ሳይሆን የሥራ ቀንም ነው። መታወቂያውን ከመመለስዎ በፊት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርገው ያስቀሩ።

«ለፊርማ ገብቷል»

ጥያቄ፦ የአጥር ማደሻ ፈቃድ እንዲሰጠኝ ለማዘጋጃ ቤት ካመለከትኩ ሁለት ወር አለፈ። በሄድኩ ቁጥር አንዴ «መሐንዲሱ ጋ ነው»፣ አንዴ «ለፊርማ ገብቷል» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት «እንደገና ይጻፉ» አሉኝ።
— ጡረተኛ፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ አባታችን፣ ለጊዜው እንደገና አይጻፉ። አዲስ ማመልከቻ ሲያስገቡ ቀኑ እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል፤ የሁለት ወሩ ጥበቃም ምስክር ያጣል።

ማመልከቻ የሚሄድበትን መንገድ ካወቁ የት እንደተኛ ማግኘት ይቻላል። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገብቶ ገቢ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ለእገሌ፣ ታይቶ ይቅረብ» ብሎ ይመራዋል። የተመራለት ባለሙያ ፋይልዎን አውጥቶ ያያይዘዋል፣ አስፈላጊ ከሆነ ቦታው ድረስ ሄዶ ይለካል፣ መልሱን ያረቃል። ረቂቁ ተጽፎ ለፊርማ ይገባል፤ ሲፈረም ወደ መዝገብ ቤት ተመልሶ ወጪ ቁጥርና ማኅተም ያገኛል። ወረቀት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ «ተመራ» እና «ደረሰ» በሚሉት መካከል ነው። ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል፣ ተዛውሯል፣ ወይም ማመልከቻው ከአሮጌው ፋይል ጋር ሳይያያዝ ለብቻው መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። የቦታ ልኬት በሚያስፈልገው ጉዳይ ደግሞ ከተማው ያለው ቀያሽ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱ መስክ ሲወጣ ሁሉ ነገር ይቆማል።

ስለዚህ «ደረሰልኝ ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ የዚህ መልስ ሁልጊዜ «ነገ ይመለሱ» ነው። መዝገብ ቤት ይግቡና ገቢ ቁጥሩን ሰጥተው «ለማን ተመራ? በስንት ቀን? ማን ፈርሞ ተረከበ?» ይበሉ። መዝገቡ ላይ የተረካቢው ስምና ፊርማ አለ። ያንን ስም ከያዙ በኋላ የሚያነጋግሩት ሰው አንድ ይሆናል።

ገቢ ቁጥር ከሌለዎትስ? ያኔ ማመልከቻዎን የሰጡት በእጅ ለኃላፊው ወይም ለጸሐፊዋ ነው ማለት ነው። ለቢሮው ያ ወረቀት አልመጣም፤ በዚህ ጊዜ እንደገና መጻፍ ግድ ይሆናል። በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት፤ አንዱ እዚያ ሲቀር በሌላው ላይ ቁጥር፣ ቀንና «ደርሷል» የሚል ማኅተም አስደርገው ይዘውት ይውጡ።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ቀን፣ «ለ…ከተማ ማዘጋጃ ቤት»፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦ የአጥር እድሳት ፈቃድ ስለመጠየቅ» ተብሎ ከሥሩ ይሰመራል። ቀጥሎ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥርና የካርታ ቁጥር ይጻፋል። አጥሩ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በምን ይሠራ እንደነበርና አሁን በምን እንደሚሠራ ይገለጻል። የቆርቆሮውን አጥር በብሎኬት እቀይራለሁ ካሉ ጉዳዩ ከእድሳት ወደ ግንባታ ሊያልፍና ፕላን ሊጠየቅበት ስለሚችል ይህን አስቀድመው ያጣሩ። መጨረሻ ላይ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክና «አባሪ 3 ገጽ» የሚል መስመር ይጨመራል። አባሪው ካልተቆጠረ አንዱ ቢወድቅ ማንም አያውቅም። ስንት ዓመት መንግሥትን እንዳገለገሉ የሚተርከውን አንቀጽ ይተዉት፤ መሐንዲሱ የሚፈልገው ሜትሩን ነው።

በቻርተሩ የተጻፈው ቀን ካለፈ ለከተማው ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ «ዘገየብኝ» ከማለት ይልቅ ገቢ ቁጥሩን፣ የተመራበትን ቀንና ቻርተሩ የሚለውን የቀን ብዛት ጎን ለጎን ይጻፉ። እዚያም መልስ ከጠፋ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለም። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ሌላም መንገድ አለ። ጉዳይዎ የት እንደደረሰ የሚገልጽ መረጃ በጽሑፍ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል። ጥያቄውን ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ያስገባሉ። በትንሽ ከተማ ሁሉም ሰው ስለሚተዋወቅ ክስ መመሥረት የሚከብዳቸው ሰዎች ይህኛው ይቀላቸዋል፤ ጥያቄ እንጂ ክስ አይደለምና።

«ውክልና ላኪ»

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፈ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ወሎ ውስጥ ያለው ቤት ካርታው በእሱ ስም ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ይኖርበታል። አሁን «ስም ላዛውር፣ ሙሉ ውክልና ላኪ» ይለኛል። ወንድሜን አምነዋለሁ፤ ግን መብቴ እንዳይጠፋ ምን ልጻፍ?
— እህት፣ ከሪያድ

መልስ፦ እህታችን፣ ከስም ዝውውሩ በፊት የሚቀድሙ ሁለት ወረቀቶች አሉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛነፈ ማዘጋጃ ቤቱ ይመልሳችኋል። አንደኛው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ ካልተመዘገበ ወንድምሽ አሁንም ዘግይቶ ማስመዝገብ ይችላል። ሁለተኛው ከወረዳው ፍርድ ቤት የሚወጣው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። እዚህ ላይ ስምሽ መኖሩን ዓይተሽ ማረጋገጥ አለብሽ። አቤቱታውን የሚያቀርበው እሱ ስለሆነ «ወራሾች እነማን ናቸው?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ በመዝገብ ይቆያል። የማረጋገጫውን ሙሉ ቅጂ ይላክልሽ፤ በስልክ «ሁላችንም አለንበት» መባሉ አይበቃም።

«ሙሉ ውክልና» የሚባለውን አትስጪ። ይህን የምንለው ወንድምሽን ስለጠረጠርን አይደለም። ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለመለወጥ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥልጣኑን አንድ በአንድ ጻፊው፦ በወራሽነት ጉዳይ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በአባቴ ስም ያለው ቤት ወደ ወራሾች ስም እንዲዛወር፣ ግብርንና ኪራይን እንዲከፍል፣ አዲሱን ካርታ እንዲረከብ። ከዚያ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ መስጠትና በዋስትና ማስያዝ አይችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት። የቤቱን ቀበሌ፣ የቤት ቁጥርና የካርታ ቁጥር አስገቢ። «ድርሻዬን ለቅቄያለሁ» የሚል ቃል በረቂቁ ውስጥ ተሸጉጦ ከመጣ ምን ማለት እንደሆነ ሳትረጂ አትፈርሚ።

የምትፈርሚው በሪያዱ ኤምባሲ ወይም በጅዳው ቆንስላ ቀርበሽ ነው፤ ፓስፖርትና ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ይዘሽ ሂጂ። ዋናው ቅጂ አዲስ አበባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዘንድ ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ የትኛውም መስኮት ላይ አይሠራም። በወንድምሽ መታወቂያና በውክልናው መካከል የፊደል ልዩነት ካለ ሁሉም እንደ አዲስ ስለሚሠራ የመታወቂያውን ፎቶ አስልከሽ ከእሱ ላይ ገልብጪ።

ማዘጋጃ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕዳ ነው። የአምስት ዓመት የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር ተጠራቅሞ ከሆነ ያ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ከዚያ ቀያሽ መጥቶ ቦታው ከካርታው ጋር መግጠሙን ይለካል። ጓሮው ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት ገፍቶ ከተገኘ ጉዳዩ እዚያ ላይ ይቆማል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) በውርስ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንደማይገባ ይናገራል፤ በሽያጭ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ ግን ተቀባዩ በሊዝ ይይዘዋል። ዛሬ በውርስ ስም ማዛወርና ነገ መሸጥ ሁለት የተለያዩ ስሌቶች ናቸው ማለት ነው።

አንድ የቀን ጉዳይም አለ። ወራሽ የውርስ ንብረቱን ሌላ ሰው እንደያዘበትና የራሱም መብት እንዳለበት ካወቀ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ በይርጋ ሊዘጋበት ይችላል። «ወንድሜ ነው» ተብሎ የቆየ ዝምታ በፍርድ ቤት ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ወንድምሽ ድርሻሽን የሚያምንበት በጽሑፍ የሆነ ነገር ካለ፣ የስልክ መልእክትም ቢሆን፣ አታጥፊው፤ የይርጋውንም ነገር ለጠበቃ አሳዪ።

ያለ ደረሰኝ

ጥያቄ፦ ለአንድ አገልግሎት ገንዘብ ተቀብለው «ደረሰኝ አልቋል» አሉኝ። ይህ ሕጋዊ ነው?
— ነጋዴ፣ ከጅማ ዞን

መልስ፦ አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አይሰበሰብም። ደረሰኙ ቅድሚያ የታተመ ተከታታይ ቁጥር ያለው መሆን አለበት፤ ብጣሽ ወረቀት ላይ ማኅተም ቢያርፍበት ደረሰኝ አይሆንም። አልቋል ካሉ «እስኪመጣ ልጠብቅ» ይበሉና ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ። የከፈሉትም ከሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱንና መስኮቱን ጽፈው ለቅሬታ ሰሚው ያስገቡ።

ሪፈር ሳይያዝ

ጥያቄ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ነኝ። ባለቤቴን በቀጥታ ሆስፒታል ወስጃት ከኪሴ አስከፈሉኝ።
— አርሶ አደር፣ ከሰሜን ወሎ

መልስ፦ መድህኑ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ውል ያለው ጤና ጣቢያ ይታያሉ፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ እሱ ሪፈር ይጽፍልዎታል፤ በሪፈሩ ሆስፒታል ይገባሉ። ጤና ጣቢያውን ዘልለው ከሄዱ ወጪው የእርስዎ ነው። ድንገተኛ አደጋ ከነበረ ግን ሐኪሙ «ድንገተኛ» ብሎ የጻፈበትን ወረቀትና ደረሰኞቹን ይዘው የወረዳውን የመድህን ባለሙያ ያነጋግሩ። ደብተሩ መታደሱንም ይመልከቱ፤ የዓመቱ መዋጮ ካልተከፈለ ሪፈር ቢኖርም አይረዳዎትም።

38 ሜትር ኩብ ውሃ

ጥያቄ፦ አራት ሰዎች ነን። ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው። በየወሩ ትንሽ እንከፍል ነበር፤ በዚህ ወር 38 ሜትር ኩብ ተጠቅማችኋል ተባልን።
— የቤት እመቤት፣ ከሐረርጌ

መልስ፦ በጀሪካን እናስላው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ነው። 38 ሜትር ኩብ 1,900 ጀሪካን ይሆናል። ውሃ በወር አሥር ጊዜ ቢመጣና ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አሥሩንም ጊዜ ከባዶ ቢሞላ 10 ሜትር ኩብ ነው። በርሜልና ባልዲ ቢጨመርም 38 አይደርስም። ስለዚህ ከአራት ነገሮች አንዱ ሆኗል።

የመጀመሪያው የግምት ንባብ ነው። አንባቢው ለጥቂት ወራት ሳይመጣ በግምት ሲሞላ ቆይቶ አሁን እውነተኛውን ሲያነብ የከረመው ሁሉ በአንድ ወር ይወድቃል። የውሃ ታሪፍ በአብዛኛው ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ስለሚጨምር፣ ተጠራቅሞ ሲመጣ በየወሩ ቢከፈል ከነበረው በላይ ያስከፍላል። የቆዩ ቢሎችዎን ይደርድሩ፤ ተከታታይ ወራት ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ካገኙ በግምት ተሞልቷል ማለት ነው። ፍጆታው በየወራቱ ተከፋፍሎ እንዲሰላልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሁለተኛው የንባብ ስህተት ነው። ቆጣሪው ላይ ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኩብ ናቸው፤ ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ይቆጥራሉ። ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ተያይዞ እንደ አንድ ቁጥር ሊነበብ ይችላል። ዛሬ ቆጣሪውን ፎቶ አንሥተው ቢሉ ላይ «የአሁን ንባብ» ከሚለው ጋር ያስተያዩት፤ ቢሉ ከቆጣሪው ከበለጠ ክርክሩ አለቀ።

ሦስተኛው ፍሳሽ ነው። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ተሽከርካሪ ይመልከቱ። እየዞረች ከሆነ ውሃው ከቆጣሪው በኋላ የሆነ ቦታ ይሄዳል፤ ያም ጥገናው የእርስዎ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሮቶው ተንሳፋፊ መዝጊያ ነው። እሱ ካልዘጋ ሮቶው ሞልቶ ሌሊቱን ሲፈስ ያድራል፤ ሁሉም ስለተኛ ማንም አያየውም።

አራተኛው አየር ነው። በፈረቃ በሚለቀቅ መስመር ላይ ውሃው ሲመለስ ባዶ ቧንቧ ውስጥ የነበረውን አየር ገፍቶ ያመጣል፤ አየሩም ቆጣሪውን ያዞራል። የማጉረምረም ድምፅ እየሰሙ ውሃ ሳይወጣ ቆጣሪው ከዞረ ይህ ነው። ብቻውን 28 ሜትር ኩብ ባይጨምርም ሂሳቡን ያሳብጣል። ውሃው በሚመጣበት ቀን ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘግተው ይቆዩ፤ ጎረቤት ጋ ውሃው ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ይክፈቱት።

ቆጣሪው ይመርመርልኝ ብለው ሲያመለክቱ የሁለት ተከታታይ ፈረቃ ንባብ ከነፎቶው ያያይዙ። የምርመራው ውጤት እስኪመጣም ቀድሞ ይከፍሉ የነበረውን ያህል ለመክፈል በዚያው ማመልከቻ ይጠይቁ፤ ምንም ሳይከፍሉ ከቆዩ መስመሩ ሊቆረጥ ይችላል፤ ለመቀጠልም ሌላ ክፍያ አለው።